ፈቃድ ለመጠየቅ የሚበቃ እንግሊዝኛ

መስከረም 24

ይድረስ ለአጎቴ፤

ወገብዎ እንዴት ሰነበተ? ዓይንዎስ? እናቴስ እንዴት ናት? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና ደህና ነኝ። ሥራ አግኝቻለሁ።

የቤት ዕቃ የሚሸጥ ድርጅት ነው። እኔ ያለሁት ቅሬታ ክፍል ነው። እግሩ የተሰነጠቀ ጠረጴዛ፣ በሩ አልገጥም ያለ ቁምሳጥን የደረሳቸው ሰዎች ይጽፋሉ፣ ይደውላሉ፤ እኔ በእንግሊዝኛ እመልሳለሁ። ክፍሉ መስኮት የለውም። ምንጣፉ ግራጫ ነው፤ ግድግዳውም እንደዚያው። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ እውላለሁ፤ ማታ ሳወልቀው ጆሮዬ ለጥቂት ጊዜ የእኔ አይመስለኝም።

ሰዋስዌ አላሳፈረዎትም። የቸገረኝ ሌላው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ለአንድ ደንበኛ የጻፍኩትን መልስ አለቃዬ አስጠርቶ አነበበልኝ። ስለ ጤናቸው ጠይቄ፣ ለቤተሰባቸው ሰላም ተመኝቼ፣ ስለደረሰባቸው እንግልት አዝኜ ነበር የጀመርኩት። «ቆንጆ ነው» አለኝ። «ግን ሰውየው የጠየቀው ስለ ብሎን ነው።»

ደግሞ አንዲት ባልደረባዬ «አንድ ቀን ምሳ አብረን መብላት አለብን» አለችኝ። ደስ ብሎኝ «መቼ?» አልኳት። ፊቷ ቀላ። ከዚያ ወዲህ በሌላው በር ነው የምትወጣው።

ከዚህ ጋር ሥራ ላይ በእንግሊዝኛ ከጻፍኩት ሁለት ገጽ ልኬያለሁ፤ እንደ ድሮው ያርሙልኝ። እናቴን ይሳሙልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 19

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምሽ ይብዛ፤ በሄድሽበት ሁሉ ሰው ይግጠምሽ።

ገጾችሽ ደርሰውኛል። በቀይ መልሼልሻለሁ። ተማሪዎቼ «ቀይ እስክሪብቶ» ይሉኝ እንደነበር ታውቂያለሽ፤ ስድብ መስሏቸው። ዛሬ ደግሞ ውል እየተረጎሙ የሚያመጡልኝ ሰዎች አሉ፤ ሻጩን ገዢ፣ ገዢውን ሻጭ አድርገው። ባርምላቸው «ያው ነው፣ ይገባቸዋል» ይሉኛል። ያው አይደለም! በዚህ አገር የሚገድለን ይህ «ያው ነው» ነው።

አለቃሽ ልክ ነው። ስለ ብሎን የጠየቀ ሰው ስለ ብሎን ይመለስለት። በእነሱ ደብዳቤ ጉዳዩ ይቀድማል፤ ጤና የሚጠየቀው ሐኪም ቤት ነው። የምሳው ነገር የአፍ ሰላምታ ነው፤ «መቼ» አይባልም። እሷን ተያት።

አሁን እኔም እንደ እነሱ ልጻፍልሽ፤ ጉዳዩን ከፊት። እናትሽ እየረሳች ነው። ጨው የስኳር ዕቃ ውስጥ የመገልበጥ ዓይነት አይደለም። ሐኪሙ ጭንቅላቷን ራጅ አስነስቶ አይቶታል። የሚመለስ ነገር አይደለም አለ። ዛሬ ስምሽን ታውቃለች፣ ፊትሽን ታውቃለች፤ እስከ መቼ እንደሆነ ግን ሊነግረኝ አልቻለም። ስለዚህ በምታውቅሽ ጊዜ ነይ። ሌላ የምለምንሽ ነገር የለም።

ፈቃድ ጠይቂ። በሥርዓት፣ በጽሑፍ። ከተመቸሽ የንግድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዲሱን እትም ላኪልኝ፤ የእኔው ገጹ እየረገፈ ነው።

አጎትሽ


ኅዳር 20

ይድረስ ለአጎቴ፤

እንደምን አሉልኝ? ቤቱ ሁሉ ሰላም ነው? እኔ ሥራና ቤት ነኝ።

መዝገበ ቃላቱን ልኬያለሁ። ስለ እናቴ የጻፉትን አንብቤዋለሁ። ስለሱ ምን እንደምጽፍ አላወቅሁም፤ ስለዚህ ያደረግሁትን ልንገርዎት።

እንዳስተማሩኝ ጉዳዩን ከፊት አድርጌ ጻፍኩ። እናቴ ታማለች፤ ሳትረሳኝ በፊት ሄጄ ላያት እፈልጋለሁ፤ ፈቃድ ይሰጠኝ። ምንም ጌጥ የለውም። አለቃዬ ቆሞ አነበበው፤ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «በጣም ከባድ ነው» አለ። ዓይኑ እንባ ያዘ ብል አልዋሸሁም። ከዚያ «ሊቭ ኢት ዊዝ ሚ» አለኝ፤ ለእኔ ተዪው። «አይል ሉክ ኢንቱ ኢት» አለ፤ አየዋለሁ እንደ ማለት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተውና ሊፍቱን ጠራ።

አጎቴ፣ ቃላቱ ገብተውኛል። የማላውቀው ክብደታቸውን ነው። እዚያ ቢሆን «አየዋለሁ» ያለኝን ሰው ትርጉም በፊቱ አውቀው ነበር። የእነሱን ፊት ግን ማንበብ አልችልም፤ ሁሉም ይስቃሉ። ልመልስበት ወይስ ልጠብቅ?

እሁድ ስደውል እናቴ «በልተሻል?» አለችኝ። በልቻለሁ አልኳት። ትንሽ ቆይታ «በልተሻል?» አለችኝ። በልቻለሁ አልኳት። ስልኩን ስዘጋ ምንም አልበላሁም ነበር።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 12

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ፈጣሪ ልብሽን ያጽናው።

ጠብቂ። ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ፤ በደንብ አንብቢው።

እዚህ አንድ ማኅተም ለማስመታት የሄድኩበት ቢሮ «እናያለን» ሲለኝ ጃንጥላዬን አንስቼ እወጣለሁ። ትርጉሙ አይሆንም ነው። ደፍሮ አይሆንም የሚል ወንድ ጠፍቶ ነው። የእነሱ ግን ሌላ ነው። የምሳው ወሬ የኮሪደር ወሬ ነው፤ ይህ የሥራ ቃል ነው። «ለእኔ ተዪው» ሲልሽ ሸክሙን ከአንቺ ትከሻ ወደ ራሱ አዛወረ ማለት ነው። ንግዳቸው የቆመው በዚህ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ሳስተምር ኖሬያለሁ። ደጋግመሽ ከጠየቅሽው ቃሉን አላመንሽም ማለት ነው፤ ትሰድቢዋለሽ።

እናትሽ ደህና ትበላለች። ባለፈው ፎቶሽን አምጥቼ «ይቺ ማናት?» አልኳት።

«ምን ትጠይቀኛለህ፤ አንተ አታውቃትም?»

«አንቺ ንገሪኛ።»

«ፈተና ነው እንዴ? እኔ ተማሪህ አይደለሁም!»

ሳቅሁ፤ እሷም ሳቀች። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ነበረች፤ «አፏ እንደሆነ አልታመመም» አለች። በኋላ ሁለታችንም የማናያት መስሏት ፎቶውን ገልብጣ ጀርባውን አየች። ስም የተጻፈበት መስሏት ይሆናል።

ሌላ መጽሐፍ አያስፈልገኝም። የሰው ስምና አድራሻ የሚጻፍበት፣ እጅ ላይ የሚታሰር፣ ውሃ የማያበላሸው ነገር እዚያ ይሸጣል ይባላል። ብታገኚ ላኪ።

አጎትሽ


የካቲት 3

ይድረስ ለአጎቴ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ስለዘገየሁ ይቅርታ። የምጽፈው ነገር ይኖረኛል ብዬ ስጠብቅ ነው።

የእጅ ማሰሪያው በዚህ ፖስታ ውስጥ አለ። አድራሻው በጥቁር ተጽፏል፤ አይለቅም።

ጠበቅሁ። አለቃዬ በየቀኑ ያልፋል፤ አውራ ጣቱን አንስቶ ያሳየኛል። መጀመሪያ ላይ የፈቃዱ ጉዳይ ተሳካልሽ እያለኝ ይመስለኝ ነበር። ለሁሉም ሰው ነው የሚያሳየው። ጥግ ላይ ለቆመው ተክልም ሳያሳይ አይቀርም።

አጠገቤ የሚቀመጠው ሰውዬ ምን እንደምጠብቅ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«‹ለእኔ ተዪው› አለሽ?»

«አዎ።»

«የእኔንም ወንበር እያየልኝ ነው» አለና ወንበሩን ገፋ አደረገው። አንዱ ጎማ የለውም። የቤት ዕቃ ድርጅት ውስጥ፣ አጎቴ፣ ሰውየው ጠረጴዛ ይዞ ነው የሚቀመጠው። «እዚህ እኮ ይህ ማለት አይሆንም ማለት ነው» አለኝ። «አንቺ አገር እንዴት ነው የሚሉት?»

እናያለን ነው የሚሉት አልኩት። ሳቀ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም፤ ንዴትም አልመጣም። ስለ ሌላ ሰው የተወራ ነበር የሚመስለው።

እንግሊዝኛዬ በጣም ተሻሽሏል። አሁን ማንንም ሰው በአራት ዓረፍተ ነገር መመለስ እችላለሁ። መጀመሪያ ስለነገሩን እናመሰግናለን፤ ቀጥሎ ስሜትዎን እንረዳለን፤ ከዚያ እንቢታው፣ እንቢ የሚል ቃል ሳይኖርበት፤ ከዚያ መልካም ቀን። ትናንት አንዲት ሴት ስለ ልጇ አልጋ ደውላ አለቀሰች። «ስሜትዎን እረዳለሁ» ስላት ሰዓቴን እያየሁ ነበር። ጥሪው ሲያልቅ ነጥብ ይሰጠናል፤ ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ።

ገጽ አልላክሁም። የሚታረም የለውም።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 21

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ጤና ይስጥሽ።

ለአለቃሽ ጽፌለታለሁ። የድርጅቱ አድራሻ በላክሽልኝ ወረቀት አናት ላይ አለ፤ ስሙም አለ።

ልጅ ሥራ ቦታ ስትበደል የቤተሰቡ ትልቅ ሰው ሄዶ ያነጋግራል። ባሕር ስለተሻገርሽ ይህ አይቀርም። አልሰደብኩትም። የእናቷ ወንድም ነኝ፤ ለእሷ ኃላፊው እኔ ነኝ፤ ወደ ቤቷ እንድትመለስ ቤተሰቡ ወስኗል፤ እሷም የተወሰነውን ትፈጽማለች አልኩ። አየዋለሁ ብለሃል፤ አይተህ ከሆነ ያየኸውን ንገራት፤ ካላየህ ዓይንህን ግለጥ አልኩ። አንድ ገጽ አይሞላም። አንዲት ኮማ ያለ ቦታዋ የለችም።

እናትሽ ማክሰኞ ወጥታ ጠፋች። ማሰሪያውን ጠልታ አውልቃው ነበር። የተገኘችው ከመንገዱ ማዶ ልብስ ሰፊዋ ቤት ነው፤ ገብታ የስፌት መኪናው ጀርባ ተቀምጣ፣ የትምህርት ቤት ቀሚስ እንዲሰፋላት አዝዛ ነበር አሉ። ልኩን በእጇ እያሳየች፣ ከወገቧ ዝቅ አድርጋ፤ «ልጄ እዚህ ድረስ ናት።»

ስለዚህ ፍጠኚ። ሌላ ዕቃ አልፈልግም።

አጎትሽ


መጋቢት 15

ይድረስ ለአጎቴ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ደብዳቤዎ ደርሷቸዋል። ግድግዳው መስታወት የሆነ ክፍል ውስጥ ጠሩኝ። አለቃዬና ከሠራተኛ አስተዳደር የመጣች ሴት ነበሩ። ውሃ የሞላ ማንቆርቆሪያ፣ አንድ ሳጥን የወረቀት መሐረብ፤ ሳጥኑ ወደ እኔ ዞሯል።

«ይህን ሰው ታውቂዋለሽ?» አለችኝ።

አጎቴ ነው አልኳት።

«አብረሽው ነው የምትኖሪው?»

እሱ ያለው ሌላ አገር ነው አልኳት። ይህን ስል ትከሻዋ ትንሽ ወረደ። ደብዳቤውን ጮክ ብላ አነበበችው። አጎቴ፣ በጣም ጥሩ እንግሊዝኛ ነው፤ አለቃዬም «ጠበቃ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። «ለእሷ ኃላፊው እኔ ነኝ» የሚለው ላይ አስምራለች። «የተወሰነውን ትፈጽማለች» የሚለው ላይ ሁለት ጊዜ አስምራለች። በእኛ ቋንቋ ሲነበብ ሰው አለሽ ማለት ነው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ግን ሌላ ነገር ነበር፤ እኔም ከእነሱ ጋር ሳየው ታየኝ።

ደህንነት ይሰማሽ እንደሆነ ንገሪን አሉኝ። ይህ ሰው ያስገድድሻል? ትፈሪዋለሽ? ስለ ትልቅ ሰው፣ ስለ ቤተሰብ ላስረዳ ጀመርኩ። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች፤ «ስሜትሽን እረዳለሁ» አለችኝ። የትኛው ዓረፍተ ነገር ላይ እንዳለን አወቅሁ። ቀጥሎ የሚመጣው እንቢታው ነው።

ስለዚህ ማስረዳቱን ተውኩት። «ጫና ያደርግብሻል?» ስትለኝ አዎ አልኩ።

ወዲያው ፈቃድ ሰጡኝ። የምፈልገውን ሳምንት ምረጪ አሉኝ። ፈቃዱ የተሰጠሽ ለማረፍ ነው፣ እሱ ወዳለበት እንዳትሄጂ አጥብቀን እንመክራለን አሉኝ። የማማክረው ሰው ስልክ ሰጡኝ። ፋይሌ ውስጥ እርስዎ ስጋት ተብለው ተጽፈዋል። ከዚህ በኋላ ቢጽፉላቸው የሚያነብ የለም።

አዎ ያልኩት ፈቃዱን ስለፈለግሁ ነው ብዬ ልጽፍልዎ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ውሸትም አልነበረም። እውነት ሆኖም አልተሰማኝም። ቃል ነበር፤ ተናገርኩት፤ በሩ ተከፈተ።

በሚያዝያ ሁለተኛው ሳምንት እመጣለሁ።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 30

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ግቢ።

ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ቁጣው እስኪመጣ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት። ስለማንም ደደብ ጸሐፊ ሲመጣ የኖረ ቁጣ ለዚህ አልመጣም። ተነስቼ የእናትሽን ጥፍር ቆረጥኩ።

ደብዳቤው ትክክል ነው። አሁንም አንብቤዋለሁ፤ የምለውጠው ቃል የለም። እንደዚያ መነበቡን ግን ማንም አላስተማረኝም፤ እኔም ማንንም አላስተማርኩም። ሠላሳ ዓመት ቋንቋውን በሚነገርበት አገር ሳይሆን በወረቀት ነው የማውቀው። ይህን ለመስማት አንቺ መሄድ ነበረብሽ።

ስጋት ልባል፤ የተባልኩትን ተብያለሁ። ያዋጣው ቃል የአንቺ ነው።

አውሮፕላን ማረፊያ አልቀበልሽም፤ እሷን ትቼ ያን ያህል አልርቅም። ቁልፉ ልብስ ሰፊዋ ጋ አለ። ፊት ለፊቷ ቆመሽ «ማን ነኝ?» አትበያት። ፈተና አትወድም።

አጎትሽ


ግንቦት 8

ይድረስ ለአጎቴ፤

እንዴት ሰነበቱ? ወገብዎን ሳሸው ሻል ብሎዎት ነበር፤ አሁንስ?

በደህና ገብቻለሁ። ሥራ ስገባ አለቃዬ «አርፈሻል፤ ያስታውቃል» አለኝ። አመሰገንኩት። የት እንደነበርኩ ማንም አልጠየቀም።

እቤት ሳለሁ ያልነገርኩዎት አለ። የደረስኩ ዕለት እርስዎ በሩን ቆልፈው ለአፍታ መድኃኒት ቤት ሄደው ነበር። በአውሮፕላኑ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ነበር የማስበው፤ ታውቀኛለች ወይም አታውቀኝም። ለሁለቱም ተዘጋጅቼ ነበር። በሩን ስከፍት እናቴ ወንበሯ ላይ ሆና ካልሲ ታጥፍ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። ስሜን ጠራችው፤ ሙሉ ስሜን፣ ስትቆጣ እንደምትጠራው።

«ምን ያስቆምሻል፤ ዝጊው እንጂ አቧራ ገባ!»

ዘጋሁት።

«ቦርሳሽን መንገድ ላይ አታስቀምጪ። በልተሻል?»

ይህ ነው። አልተነሳችም፤ አላቀፈችኝም፤ አላለቀሰችም። ካልሲዋን ማጠፍ ቀጠለች። አውቃኛለች አጎቴ፤ በደንብ አውቃኛለች። የሄድኩትን ነው የማታውቀው። ለእሷ የመጣሁት ከትምህርት ቤት ነው። ሳምንቱን ሙሉ የቤት ሥራዬን ጠየቀችኝ፤ ሠርቻለሁ አልኳት። ልወጣ ሻንጣዬን ስጎትት በመስኮት እያየች ነበር፤ ከእርስዎ ጋር ደጅ ቆመን አይታናለች። ሳልስማት አልወጣሁም፤ እሷ ግን የስንብት አልመሰላትም። «ፀሐይዋ ሳትገባ ተመለሺ» አለችኝ። እሺ አልኩ።

ሰው በዚህ ማልቀስ ነበረበት። እኔ አውሮፕላኑ ላይ የሰጡኝን ሁሉ በላሁ፤ ተኛሁ።

ትጠይቃለች? መሽቶ ሳልመጣ ስትቀር ምን አሏት? እውነቱን ይጻፉልኝ። አያለስልሱት፤ የሚለሰልስ ነገር ቀኑን ሙሉ እኔው እጽፋለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ሰኔ 11

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ቸር ያሰማሽ።

የሄድሽ ዕለት ፀሐይዋ ስትገባ እኔ መልስ አዘጋጅቼ ተቀምጫለሁ። የተለያየ መልስ፤ ሦስት አራት ዓይነት፤ ሁሉም የሚያሳፍር። እራት አቀረብኩ። ሦስት ሳህን ነበር የዘረጋሁት፤ በሳምንቱ ለምጄ። ባዶውን ሳህን አየች። ከዚያ ወደ መኝታ ቤትሽ በር አየች፤ ዘግተሽው ነው የሄድሽው።

«ተኝታለች?» አለችኝ።

አዎ አልኳት።

«ተዋት፤ ደክሟት ነው» አለችና በላች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲሁ ነን። አንቺ በዚያኛው ክፍል አለሽ። አንዳንዴ «እያጠናች ነው?» ትለኛለች፤ አዎ እላታለሁ። በሩ አጠገብ ስታልፍ እግሯን ቀስ ታደርጋለች። እኔ ሬዲዮ ከፍ ካደረግሁ ትቆጣኛለች፤ ትረብሻታለህ ብላ። ወጥታ አልጠፋችም። ቤት ውስጥ ልጅ ጥላ የት ትሄዳለች።

እንድትመጪ ስለምንሽ ከርሜአለሁ። ከእንግዲህ አልለምንሽም። ከውጭ በኩል ሻንጣ ይዘሽ ብትገቢ ምን እንደምላት አላውቅም።

ፈቃድ አትጠይቂ። እኔ እሷ እያየች በሩን አልከፍተውም፤ ክፍሉን ስጠርግም እሷ ስትተኛ ነው።

አጎትሽ